ረጅም የጠረፍ ጉዞ በሸራ ጀልባ፦ በራስ መተማመን የሚገነባው እንዴት ነው?

የታቦር ጎረቤት (ሐዋሳ)፣ ሐምሌ 6

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች።

በመጪው መስከረም ከአንድ ወዳጄ ጋር ርዝመቷ 9 ሜትር በሆነች የሸራ ጀልባ ከዳሬሰላም ተነስተን፣ በዛንዚባር፣ በታንጋ፣ በሞምባሳና በኪሊፊ በኩል የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ተከትለን እስከ ላሙ ለመጓዝ ተስማምተናል። ጀልባዋ የወዳጄ ናት። እኔ በሸራ መጓዝን የተማርኩት ለሥራ በዳሬሰላም በቆየሁባቸው ዓመታት ነው፤ ወደ ሐዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ ግን የምወጣው በሐይቃችን ላይ ብቻ ነው።

የሚያሳስበኝ የእጅ ሥራው አይደለም። ሸራ መስቀልና ማጠፍ፣ መልህቅ መጣል፣ መሪ መያዝ እችላለሁ። የሚያሳስበኝ ወዳጄ ከታች ተኝቶ እኔ የሌሊቱ ተረኛ ስሆን የምወስነው ውሳኔ ነው። እስካሁን የተጓዝኳቸው ጉዞዎች ጠዋት ተወጥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚመለሱባቸው ነበሩ፤ በዚያ ላይ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ አጠገቤ ስለነበር የራሴ ግምት ትክክል ይሁን አይሁን የሚፈተንበት አጋጣሚ አልነበረም። ታዲያ በራስ መተማመን ከመነሳት በፊት ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር ነው ወይስ መንገድ ላይ የሚገኝ? መንገድ ላይ የሚገኝ ከሆነስ፣ እስኪገኝ ድረስ ሰው በምን ይመራል? ልምዱ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጥቁር ውሃ (ሐዋሳ)፣ ሐምሌ 6

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ባሕር ላይ ተጉዤ አላውቅም፤ ከቤተሰቤ ጋር በሐይቁ ላይ ጀልባ የማሠራ ሰው ስለሆንኩ የምናገረው ስለማውቀው ውሃ ብቻ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ከ20 ሜትር ብዙ የማያልፍ ቢሆንም አትናቀው። ጠዋት ረግቶ ይቆይና ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ አጫጭርና ተከታታይ ማዕበል ያነሳል። አሞራ ገደል ያሉት ዓሣ አሥጋሪዎች ማለዳ መረባቸውን ሰብስበው የሚመለሱት በከንቱ አይደለም። አንተ ግን እስከ መስከረም ድረስ እነሱ ዳር በሚደርሱበት ሰዓት ውጣ፤ የክረምቱ የነጎድጓድ ደመና ከታየህ ብቻ ተመለስ፣ ጉማሬዎች ከሚውሉበት የቄጠማ ዳርም ራቅ።

አንድ ልምምድ ልንገርህ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እስከ ግማሹ ውሃ ሙላና አብሮህ ያለው ሰው ሳይነግርህ ወደ ውሃው ይወርውረው። ባዶው ጀሪካን በነፋስ እየተገፋ ስለሚሸሽ አይጠቅምህም፤ ግማሽ የሞላው ግን ከውሃው በላይ የሚታየው ጥቂት ስለሆነ የወደቀ ሰው ራስ ከሩቅ የሚታየውን ያህል ብቻ ይታያል። አንዱ ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ ያመለክታል፣ ሌላው ጀልባዋን አዙሮ ይመለሳል። ጣቱን ያወረደ ሰው ጀሪካኑን ያጣዋል። ይህን ነፋስ ባለበት ሰዓት ደጋግመህ ስትሠራ ሰውነትህ ሳይታዘዝ መሥራት ይጀምራል።

አሮጌው መልህቅ (አዳማ)፣ ሐምሌ 8

ልጄ፣ አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን በንግድ መርከብ ላይ በመኮንንነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ አሁን በጡረታ አዳማ እኖራለሁ። ጥያቄህን ሳነብ «የራሴ ግምት የሚፈተንበት አጋጣሚ አልነበረም» ያልከው ላይ ቆምኩ፤ መልሱ እዚያው ውስጥ ነውና።

በራስ መተማመን አደጋ ሳይደርስ በመቅረቱ አይመጣም። ምንም ሳይገጥመው ብዙ የተጓዘ ሰው በችሎታው ሳይሆን በዕድሉ መተማመን ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ከፍርሃት የከፋ ነው፣ ፈሪ ሰው ቢያንስ ሰማዩን ያያልና። መርከበኛን የሚያጸናው አስቀድሞ የገመተው ነገር እንደገመተው ሲሆን፣ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ለምን እንዳልሆነ ሲያውቅ ነው።

ስለዚህ ደብተር ያዝ። ከየወደቡ ከመነሳትህ በፊት በስንት ሰዓት የትኛው ምልክት በየትኛው አቅጣጫ እንደሚታይህ፣ ጥልቀት መለኪያው ምን እንደሚያሳይ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት መቼ እንደሚሆን ጻፍ። ከዚያ የሆነውን ከጎኑ ጻፍና ልዩነቱን መርምር። በሰዓት 5 የባሕር ማይል የምትጓዝ ጀልባ በ4 ሰዓት ውስጥ 20 ማይል መሄድ ሲገባት 24 ከሄደች፣ በሰዓት 1 ማይል የሚገፋ ጅረት ከሥርህ እንዳለ ደብተሩ ነግሮሃል። በሚቀጥለው ገጽ ላይ ይህን ታስገባለህ፣ ግምትህም ወደ እውነቱ ይጠጋል። ከጥቂት ወደቦች በኋላ «እርግጠኛ ነኝ» ስትል የምትናገረው ስለ ልብህ ድፍረት ሳይሆን በእጅህ ስለጻፍከው ነገር ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር፣ የሚቻልህን ውሳኔ ሁሉ ወደብ ላይ ሳለህ ወስን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የደከመ፣ የረጠበና ሆዱ የተረበሸ ሰው አዲስ ነገር አያመዛዝንም፤ አስቀድሞ የተወሰነውን መፈጸም ግን ይችላል። ትንበያው የነፋስ ኃይል በሚለካበት በቦፎርት መለኪያ 6፣ ማለትም ከ22 እስከ 27 ኖት (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው) ከሆነ እንነሳለን ወይስ አንነሳም? በስንት ኖት ሸራውን አጥፈን ስፋቱን እንቀንሳለን? መርከብ ስንት ማይል ሲቀርብ የተኛው ይቀሰቀሳል? እነዚህን በቁጥር ጻፏቸው። «እንደ ሁኔታው» የሚባል መልስ አትቀበል።

ከሐይቅ በመነሳትህም አትሸማቀቅ። ዛሬ በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩት ወጣት ኢትዮጵያውያን መኮንኖችና መሐንዲሶች ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በጣና ዳር በባሕር ዳር ወይም በቢሾፍቱ ባቦጋያ ነው።

የኪሊፊው እንግዳ (ኪሊፊ)፣ ሐምሌ 9

ሰላም ለሁላችሁ። በኬንያ ጠረፍ የምኖር የአዳማ ልጅ ነኝ፤ የምትሄድበትን መንገድ በከፊል አውቀዋለሁ።

እዚህ ዓመቱ የሚከፈለው በነፋስ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ከደቡብ ምሥራቅ ኩሲ ይነፍሳል፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ ካስካዚ ይተካዋል። ዳው በሚባሉት የጥንት የሸራ ጀልባዎች የሚጓዙ መርከበኞች ለብዙ መቶ ዓመታት ንግዳቸውን በዚህ ሲያቅዱ ኖረዋል። ኩሲ የሚበረታው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስለሆነ መስከረምን መምረጣችሁ ጥሩ ነው፤ ነፋሱም ወደ ሰሜን የሚሄደው የባሕር ጅረትም ይገፏችኋል።

ነገር ግን በዚህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ፤ አዲስ መጪ ሁሉ ቢያስብበት እመኛለሁ። ሁለቱም ወደ ፊት ስለሚገፉህ ወደ ኋላ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ሐይቅ ላይ ስትጨነቅ ወደ ተነሳህበት ትመለሳለህ። እዚህ መጠጊያህ ሁልጊዜ ከፊትህ ያለው ወደብ ነው፤ ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት ደህና አድርገህ ማጥናት ያለብህ የምትለቀውን ሳይሆን የምትደርስበትንና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ነው። በተጨማሪም ነፋሱ ወደ ጠረፉ ስለሚገፋ፣ መሪው ቢሰበር ወይም ሸራው ቢቀደድ ጀልባዋ የምትሄደው ወደ ኮራል ድንጋዩ ነው። ሌሊት ከ5 ማይል በላይ ራቁ፤ ርቀት ማለት ለመጠገን የሚሆን ጊዜ ማለት ነው።

የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ከ3 ሜትር በላይ ይለያያል። የኮራሉን መግቢያ በዓይን ለመለየት ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ይመረጣል፦ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከሆነ ጥልቅ ነው፣ አረንጓዴው እየሳሳ ነው፣ ቡናማው ድንጋይ ነው። ከማሊንዲ በስተሰሜን ግን የሳባኪና የታና ወንዞች ደለል ባሕሩን ስለሚያደፈርሰው ቀለሙን አትመኑ። በራስ ንጎሜኒ ፊት ለፊት ደግሞ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባሕሩ ላይ ያቆሟቸው የሮኬት ማስወንጨፊያ መድረኮች አሉ፤ ሌሊት ከእነርሱ በስተውጭ እለፉ። መብራት የሌላቸው የአሥጋሪ ጀልባዎችም ስለሚኖሩ ዓይናችሁ ከውሃው አይነሳ።

ዘመናዊው ካርታ (አዳማ)፣ ሐምሌ 9

በአክብሮት አንድ ጥያቄ አለኝ። ታብሌት ላይ የሚጫነው የባሕር ካርታ ያለህበትን ቦታ በጥቂት ሜትር ልዩነት ያሳያል፣ መድረሻ ሰዓትህንም ራሱ ያሰላል። ታዲያ በደብተር መገመቱ ሰውን ከማድከም በቀር ምን ይጠቅማል?

አሮጌው መልህቅ (አዳማ)፣ ሐምሌ 10

ታብሌቱን ይያዝ፤ እኔም በዘመኔ ባገኘው ኖሮ እይዘው ነበር። ሳተላይቱ ያለህበትን ቦታ በትክክል ይነግርሃል፤ ከሥር ያለው የድንጋዩ ሥዕል ግን በቆየ ቅየሳ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። ከዚህም በላይ ጠያቂያችን የፈለገው ያለበትን ቦታ ማወቅ ብቻ ሳይሆን የራሱን ፍርድ መመዘን ነው። መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪ ማስላት መቻሉን አያውቅም። መጀመሪያ ይገምት፣ ከዚያ ታብሌቱን ይመልከት።

የታቦር ጎረቤት (ሐዋሳ)፣ ነሐሴ 20

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ አሮጌው መልህቅ፣ በምክርዎ መሠረት ከወዳጄ ጋር በስልክ ተነጋግረን የሚከተለውን ጽፈናል። ትንበያው ቦፎርት 6 ከሆነ አንነሳም። ነፋሱ 18 ኖት ሲደርስ የመጀመሪያውን እጥፋት እናጥፋለን፤ ሌሊት ከሆነ ሳይደርስም ከማታው 12 ሰዓት ጀምሮ እናጥፋለን። በጨለማ ወደማናውቀው ወደብ አንገባም፤ ከመሸብን ባሕር ላይ እናድራለን። ሌሊት ብቻውን መሪ የያዘ ሰው በመታጠቂያ ከጀልባዋ ጋር ይታሰራል። ከሁለታችን አንዱ «ሸራ ይታጠፍ» ካለ ሌላው ያለ ክርክር ያጥፋል። ይህ የመጨረሻው የወዳጄ ሐሳብ ነው፤ እኔን እጅግ አሳርፎኛል።

ጥቁር ውሃ እህቴ፣ የጀሪካኑን ልምምድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ላይ እየሠራሁት ነው።

አሮጌው መልህቅ (አዳማ)፣ ነሐሴ 20

ደህና ነው። ለጉዞው እርሳስ ያዝ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

የታቦር ጎረቤት (ሐዋሳ)፣ ጥቅምት 9

ከጉዞው በሰላም ተመልሻለሁ፤ የሆነውን እነሆ።

ከዳሬሰላም ዛንዚባር ያለው 40 ማይል ገደማ በቀን ብርሃን ስለተጠናቀቀ ብዙ የሚነገርለት ነገር የለውም። የመጀመሪያው ሌሊት ከዛንዚባር ወደ ታንጋ ስንሄድ ነበር። ተራዬ ሲደርስ የተሰማኝን ፍርሃት አልደብቅም፤ ማዕበሉ ከኋላ ስለሚመጣ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ እያንዳንዱም ድምፅ ከቀደመው የሚበልጥ ይመስላል። በደብተሩ ላይ የፓንጋኒን አቅጣጫና ሰዓት ጽፌ ነበር። ታብሌቱን ስከፍት ከገመትኩት ሰዓት እጅግ ቀድመን አልፈነዋል። ጋሼ እንዳሉት ልዩነቱን አካፍዬ የጅረቱን ፍጥነት አገኘሁ፣ ከታንጋ ወደ ሞምባሳ ላለው 70 ማይል ገደማም ያንን አስገባሁ። በዚያ መንገድ ላይ ግምቴና የሆነው ነገር እጅግ ተቀራረቡ። ከዚያ ወዲህ የማዕበሉን ድምፅ መስማት አላቆምኩም፤ በየድምፁ መደንገጥን ግን አቆምኩ።

በዝርዝር ልነግራችሁ የምፈልገው ከኪሊፊ ላሙ ያለውን ጉዞ ነው፤ 100 ማይል ገደማ ስለሆነ ሌሊቱን ማቋረጥ ግድ ይላል። የመረጥነው ሙሉ ጨረቃን ነው፤ ለሌሊቱ ብርሃን ይሰጣል። ነገር ግን በእነዚህ ቀናት ባሕሩ የሚጎድለው ከረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት ላይ፣ የሚሞላው ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ላሙ ጠዋት ብንደርስ መግቢያው ላይ ውሃው እየጎደለ ይጠብቀናል። በሚጎድል ውሃ አሸዋ የነካ ጀልባ እዚያው ይቀራል፣ በሚሞላ ውሃ የነካ ግን ይነሳል። ስለዚህ ከኪሊፊ በሙላቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ድንጋዩን እያሳየችን እንድንወጣና ላሙ በማግስቱ 8 ሰዓት ላይ እንድንደርስ ወሰንን።

ከማሊንዲ ትይዩ እንዳለን፣ ከፊታችን በስተቀኝ ሁለት ነጭ መብራቶች አንዱ ዝቅ ሌላው ከፍ ብለው፣ ከሥራቸውም አንድ ቀይ ታየኝ። ቀይ የመርከብ ግራ ጎን ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ መንገዳችንን ያቋርጣል ማለት ነው። የሸራ ጀልባን በሞተር የሚሄድ መርከብ ማሳለፍ እንዳለበት ሕጉ ቢያዝም፣ ያየን መሆኑን ማወቅ አንችልም። በእጅ ኮምፓስ ለካሁ፦ 70 ዲግሪ። ከ5 ደቂቃ በኋላ 66 ሆነ። አስቀድመን የጻፍነው በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ3 ዲግሪ በታች ከተለወጠ ወዳጄን እንድቀሰቅሰው ነበር፤ አቅጣጫው ካልተለወጠ መርከቡ ወደ እኛ እየመጣ ነውና። ቀጥሎ 60 ሆነ፤ ከፊታችን አልፎ ሄደ። የለካሁትን ሁሉ በቀይ የግንባር ባትሪ ብርሃን ጻፍኩት፤ ወረቀቱ ረጥቦ ነበር፣ እርሳሱ ግን ጻፈ።

በንጎሜኒ ትይዩ ከመድረኮቹ በስተውጭ ስናልፍ ግምቴ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር፤ የደረስነው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከዚያ 45 ማይል ስለተጓዝን ፍጥነታችን በሰዓት 6 ማይል ነበር፣ ከዚህም አንዱ ማይል የጅረቱ ነው። የቀረን 58 ማይል ነው፤ በዚህ ፍጥነት ብንቀጥል ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ባሕሩ እየጎደለ ሳለ ላሙ መግቢያ ላይ እንሆናለን። 8 ሰዓት ላይ ለመድረስ ፍጥነታችን በሰዓት 4 ማይል መሆን ነበረበት። ሁለተኛውን እጥፋት ለማጠፍ ወዳጄን ቀሰቀስኩት። ነፋሱ ያማረ፣ ጀልባዋም የተመቻት ስለነበረች «በዚህ ነፋስ ለምን እንዘገያለን?» አለኝ። ደብተሩን ሰጠሁት። በባትሪው ብርሃን ገጹን አነበበ፣ ምንም ሳይናገር ሸራውን አብረን አጠፍን፣ የፊተኛውንም ጠቀለልን፤ ከዚያ ተመልሶ ተኛ። ከእኔ የሚበልጥ መርከበኛ በእኔ ስሌት ላይ ተማምኖ እንቅልፍ ሲወስደው፣ በሐምሌ ስለጠየቅሁት ነገር ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ላሙ ውሃው እየሞላ፣ ፀሐይም ገና ከፍ እንዳለች ገባን።

ጥቁር ውሃ (ሐዋሳ)፣ ጥቅምት 9

እንኳን በሰላም ተመለስክ ወንድሜ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ባሕሩ አላመመህም? የጀሪካኑ ልምምድስ ጠቀመህ?

የታቦር ጎረቤት (ሐዋሳ)፣ ጥቅምት 10

እንኳን አብሮ ደስ አለን እህቴ። ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነበር፤ ወደ ታች አለመውረድ፣ አድማስ ላይ ማተኮርና የዝንጅብል ሻይ ረድተውኛል። ልምምዱ ደግሞ ከሞምባሳ እንደወጣን ባልዲያችን ከእነ ገመዱ ወደ ውሃው ሲወድቅ ታየ፤ ሳላስበው እጄ ተዘርግቶ እያመለከተ ነበር፣ ወዳጄም ዞሮ በመጀመሪያው ሙከራ አገኘው። ለሰው ቢሆን ኖሮም ሥራው ያው ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይዣለሁ። ጀልባዋ ላሙ ቀርታለች፤ ካስካዚ ሲነሳ ወደ ደቡብ እንመልሳታለን፣ ወዳጄም እስከ ሞምባሳ ያለውን መንገድ እኔ እንድመራው ጠይቆኛል። የኪሊፊው ወንድሜ፣ በዚያ ወቅት ጅረቱ ወደ ደቡብ ይዞራልን? ለደብተሩ መነሻ ስለሚሆነኝ ነው።

የኪሊፊው እንግዳ (ኪሊፊ)፣ ጥቅምት 11

በከፊል ይዞራል፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በካስካዚ ወቅት ከሶማሊያ የሚወርደው ጅረት ወደ ደቡብ ስለሚፈስ ከላሙ ስትነሱ ይገፋችኋል። ከታንዛኒያ በኩል የሚመጣው ጅረት ግን ቢደክምም ወደ ሰሜን መፍሰሱን አይተውም፤ ሁለቱ በሰሜን ኬንያ ጠረፍ አካባቢ ይገናኙና ወደ ምሥራቅ ይታጠፋሉ። የሚገናኙበት ቦታ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ አንድ ቁጥር ልሰጥህ አልችልም። ለመጀመሪያው ገጽ የሚረዳህን ጅረት፣ ከማሊንዲ በኋላ ደግሞ የሚቃወምህን ገምተህ ጻፍ፤ ግምትና የሆነው መራራቅ ሲጀምሩ መገናኛውን ማለፋችሁን ታውቃለህ። ኪሊፊ ስትደርሱ ደብተሩን አሳየኝ፣ ለሚቀጥለው ተጓዥ ቁጥሩን እዚሁ እንጽፍለታለን።